ከኮሶ እፍኝ እስከ ዩኒት፦ የመድኃኒት መጠን ቃላት የተገዙበት ዋጋ

ነርስነት መማር የጀመረ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ዝርዝር ይሰጠዋል። ቢ.አይ.ዲ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቲ.አይ.ዲ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፒ.አር.ኤን እንደ አስፈላጊነቱ፣ ስታት አሁኑኑ፣ ፒ.ኦ በአፍ፣ አይ.ኤም በጡንቻ፣ አይ.ቪ በደም ሥር። ዝርዝሩ ይሸመደዳል፣ ፈተና ይወጣበታል፣ ይታለፋል። ቃላቱ ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ የለም፤ መምህሩም ጊዜ የለውም። የዛሬው የኢትዮጵያ የጤና ክርክር ስለ ሆስፒታል ግንባታ፣ ስለ መድኃኒት እጥረትና ስለ ባለሙያ ደመወዝ ነው። ተገቢ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ ባለሙያውም ቀርቦ፣ በሁለቱ መካከል ያለች አንዲት ቃል ወይም አንዲት ነጥብ ሰው ልትገድል እንደምትችል የሚያወሳ ጥቂት ነው። የእነዚህ ቃላት ታሪክ ደግሞ የሕሙማን አልጋ ዳር ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሱ ከስሙ እንጀምር። ፋርማኮሎጂ የሚለው ቃል የመጣው ከጥንቱ የግሪክ ቃል ከፋርማኮን ነው። ፋርማኮን መድኃኒት ማለት ነው፤ መርዝ ማለትም ነው። ግሪኮቹ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተው የቱ እንደሆነ ለዐውዱ ተዉት። የእኛ መድኃኒት በአንጻሩ ከ"ድኅነት" ጋር አንድ ሥር አለው፤ የሚያድን ማለት ነው፣ መድኃኔዓለም ከሚለው ስም ጋርም ይዛመዳል። ቢሆንም አማርኛም ቢሆን ነገሩን አላጣውም። "መድኃኒት አበሉት" ሲባል ማንም ሰው ዳነ ብሎ አይሰማውም። የአይጥ መድኃኒትም አይጥ አያድንም።

በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ድንበር መጠን ነው የሚለውን ሐሳብ በ1538 በግልጽ የጻፈው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ፓራሴልሰስ ነበር። ሐሳቡ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ይገኛል። መጠኑ ስንት ነው? በምን ይለካል? መቼ ይቆማል? ለሚሉት ጥያቄዎች ግን ፓራሴልሰስ መልስ አልነበረውም። መልሱ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጀ።

የእኛው ኮሶ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የሁሉም ቤት እንግዳ ነበር፤ ሰውም ከጌታ እስከ ሎሌ የኮሶን አበባ ፈጭቶ፣ በጥብጦ፣ ፊቱን አጨማዶ ይጠጣ ነበር። የትኛው አበባ እንደሚሻል (የሴቴዋ)፣ ሲያረጅ ኃይሉ እንደሚቀንስ፣ ከመጠጣት በፊት መጾም እንደሚጠቅም ያውቁ ነበር። ይህ ዕውቀት ወደ ውጭ ወጣ። ብራዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ ስለ ኮሶ ሰማ፤ ናሙናውም ፓሪስ ደረሰ፤ በ1824 ኩንት የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ተክሉን በሐኪሙ ስም ብራዬራ ብሎ ሰየመው። ትሉን ለዘመናት ሲያስወጣ የኖረው ሕዝብ ስም ሳይሆን ቡና ቤት ውስጥ የሰማው ሰው ስም ተለጠፈበት ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ በእንግሊዞች ይፋዊ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ እስከ መግባት ደረሰ።

ለንደን ሲደርስ ግን አንድ ነገር ተጨመረበት፤ ክብደት። አገር ቤት ልኩ እፍኝ ነበር፤ የእናት እፍኝ፣ የአጎት እፍኝ። የጠና ሰው እፍኝ ለደከመች ሴት ሲሰጥ የሚሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ተቅማጡ፣ ትውከቱ፣ መዝለፍለፉ። ከመጠን በላይ ኮሶ ጠጥተው የዓይን ብርሃናቸውን እስከ ማጣት የደረሱ ሕሙማንን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች መዝግበዋል። የጎደለው መድኃኒቱን ማወቅ አልነበረም፤ ልኩን ጽፎ ማኖር ነበር እንጂ።

ልክን ጽፎ ማኖር ምን ማለት እንደሆነ ያሳየው ሰው እንግሊዛዊው ዊልያም ዊዘሪንግ ነው። በ1775 በሽሮፕሻየር የምትኖር አንዲት አሮጊት ሐኪሞች ያቃታቸውን ሰዎች ትፈውስ ነበር። በሽታው ሰውነት ውሃ እየቋጠረ እግርና ሆድ የሚያብጥበት ነው፤ ዛሬ አብዛኛው የልብ ድካም እንደነበር ይታወቃል። መድኃኒቷ የቤተሰብ ምሥጢር ሲሆን ከ20 ያላነሱ ዕፅዋት ነበሩበት። ዊዘሪንግ ዝርዝሩን ባየ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው አንዱ ብቻ፣ ፎክስግላቭ ወይም ዲጂታሊስ የተባለው ተክል እንደሆነ ገመተ። (የአሮጊቷ ስም አልተመዘገበም። አንዳንድ መጻሕፍት "እናት ሀተን" የሚሏት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ለማስታወቂያ የፈጠረውን ስም ይዘው ነው። ብራዬ ስሙ በሳይንስ መጽሐፍ ገባ፤ እሷ ማስታወቂያ ላይ የተፈጠረ ስም ተሰጣት።)

ዊዘሪንግ ወዲያው መጽሐፍ አልጻፈም። 10 ዓመት ጠበቀ። ከ150 በላይ ሕሙማንን ተከታትሎ የተሻላቸውንም የሞቱትንም መዘገበ። መጀመሪያ ላይ የሰጠው መጠን እጅግ የበዛ እንደነበር ራሱ አምኗል። የትኛው የቅጠሉ ክፍል፣ በየትኛው ወቅት የተለቀመ፣ እንዴት የደረቀ እንደሆነ ለይቶ ያዘ። የመመረዝ ምልክቶችንም ዘረዘረ፦ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ራስ ማዞር፣ ነገሮች አረንጓዴና ቢጫ ሆነው መታየት፣ የልብ ምት በደቂቃ እስከ 35 መውረድ፣ ከዚያም ሞት። በ1785 ባሳተመው ሥራው ያስቀመጠው ደንብ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ በኩላሊት፣ በጨጓራ፣ በልብ ምት ወይም በአንጀት ላይ መሥራቱ እስኪታይ ይሰጥ፤ ከእነዚህ አንዱ ምልክት ሲታይ ይቁም።

ዛሬ አንዲት ተማሪ ነርስ "ዲጎክሲን ከመስጠትሽ በፊት የልብ ምቱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፤ አዋቂ ሆኖ ከ60 በታች ከሆነ አትስጪ፣ ለሐኪሙ አሳውቂ" ስትባል የዊዘሪንግን ትእዛዝ እየፈጸመች ነው። በሚጠቅመውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ የሆነበት መድኃኒት የሚባለውም ይኸው ነው። ቃሉ ረቂቅ ይመስላል። ትርጉሙ ግን ሰውየው አምፑሉ ቢጫ ሆኖ እንደታየው ሲናገር ማመን ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ መንገድ ነበር፤ መድኃኒቱ በየት ይግባ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወጣቱ ጀርመናዊ ፋርማሲስት ፍሪድሪክ ሰርቱርነር ከኦፒየም ውስጥ ዋናውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ በግሪኮች የሕልም አምላክ ስምም ሞርፊን የሚለውን ስም አገኘ። በራሱና በ3 ወጣቶች ላይ ሞክሮት ሁሉም ክፉኛ ሊመረዙ ነበር። ሙከራው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሐኪም "ይህን ያህል ጥሬ ኦፒየም" ከማለት ወደ "ይህን ያህል ሞርፊን" መሸጋገር ቻለ። የጥሬው ኃይል እንደየአዝመራው ይለያያል፤ የተጣራው አይለያይም።

በ1853 የኤዲንብራው ሐኪም አሌክሳንደር ውድ ይህን ሞርፊን በሲሪንጅ ከቆዳ ሥር ሰጠ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ፕራቫዝ በፈረንሳይ የራሱን ሲሪንጅ ይሞክር ነበር። የውድ የመጀመሪያዋ ታካሚ የአንገትና የትከሻ ነርቭ ሕመም ያሠቃያት አሮጊት ናት። ከደቂቃዎች በኋላ ራሷን አዞራት፤ ተኛች። ውድ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሊጠይቃት ሲመጣ ገና አልነቃችም። በግድ ቀሰቀሷት። ዳነች፤ ውድ ግን የደነገጠበት ነገር ምን እንደሆነ በወጉ አልገባውም። መድኃኒቱ የሚሠራው የተወጋበት ቦታ ላይ ብቻ ይመስለው ነበርና ሁልጊዜ የሚወጋው የሚያመውን ቦታ ነበር። (የውድ ሚስት የመጀመሪያዋ የመርፌ ሱሰኛ ሆና በሞርፊን ሞተች የሚል ወሬ አሁንም ይዞራል። ሐሰት ነው፤ ከባሏ በኋላ ዓመታት ኖራለች።)

ስሕተቱን ያረመው የለንደኑ ቻርልስ ሀንተር ነው፤ ያረመውም በመቸገር ነው። ደጋግሞ የሚወጋው ቦታ መግል ስለቋጠረበት መርፌውን ከሕመሙ ርቆ ሌላ ቦታ ወጋ። ሕመሙ እኩል ታገሠ። መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቶ መላ ሰውነትን ይዞራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የተነሣው ጠብ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ውድ ዘዴውን በላቲን "ከቆዳ ሥር" ይለዋል፤ ሀንተር የእኔ የተለየ ነው ብሎ በግሪክ "ከቆዳ ሥር" አለው። ሳብኩቴኒየስና ሃይፖደርሚክ የሚሉት ሁለት ቃላት በየመጽሐፉ ጎን ለጎን የሚኖሩት ከዚህ ጠብ የተነሣ ነው። ተማሪው ልዩነታቸውን ፈልጎ ቢያጣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የመንገድ ጉዳይ ዛሬም የተዘጋ አይደለም። ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ያድናል፤ በስሕተት በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ቢገባ ግን ይገድላል ማለት ይቻላል። በ2001 እንግሊዝ አገር አንድ የ18 ዓመት ወጣት እንዲህ ሞተ፤ ከእሱ በፊትም በሌሎች አገሮች የሞቱ ነበሩ። መድኃኒቱ ትክክል፣ ሕመምተኛው ትክክል፣ መጠኑ ትክክል፣ መንገዱ ብቻ ስሕተት። ነርሶች "ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት" እያሉ የሚቆጥሯቸው አምስቱ ነገሮች እንደ ዳዊት ሲደገሙ ይሰለቻሉ። ከአምስቱ አራቱን ማሟላት ግን 80 ከመቶ አያሰጥም።

አሁን ወደ ምህጻረ ቃላቱ እንመለስ። ቢ.አይ.ዲ፣ ቲ.አይ.ዲና ፒ.አር.ኤን የላቲን ናቸው። ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ በላቲን የሚጻጻፉት ከቋንቋ ቋንቋ ሲዘዋወሩ እንዲግባቡ ነበር፤ ሕመምተኛው እንዳያነበው መሆኑም ያልተጠላ ጥቅም ነው። በየማዘዣው ራስ ላይ ያለችው ምልክትም በላቲን "ውሰድ" ማለት ናት፤ ትእዛዙ ለቀማሚው ነው እንጂ ለታካሚው አይደለም። መለኪያውም የራሱ ነበር፤ ግሬን፣ ስክሩፕል፣ ድራም። ግሬን ማለት የእህል ቅንጣት ማለት ሲሆን 65 ሚሊግራም ያህል ነው። 20 ግሬን አንድ ስክሩፕል፣ 3 ስክሩፕል አንድ ድራም ይሆናል። ይህ ሥርዓት ሞቷል ቢባልም ቅሪቱ በየኪሱ አለ። የአሜሪካ አስፕሪን ለምን 300 ሳይሆን 325 ሚሊግራም ሆነ? 5 ግሬን ስለሆነ ነው። ለልብ የሚታዘዘው 81 ሚሊግራም ደግሞ የዚያ ሩብ ነው።

ሁሉንም ነገር መመዘን አይቻልም ነበር፤ ኢንሱሊን ይህን አስተማረ። በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በስኳር በሽታ ሊሞት ሲል የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠው። ያ የመጀመሪያው ጭማቂ ቆሻሻ ስለነበረበት መግል አስቋጠረው እንጂ ብዙ አልረዳውም፤ 12 ቀን ቆይቶ ኮሊፕ ያጣራው ሲሰጠው ግን ስኳሩ ወረደ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ኢንሱሊን ፈለገ፤ አንዱ ፋብሪካ የሚያወጣው ዱቄት ከሌላው ጋር በንጽሕና አይገናኝም። 1 ሚሊግራም ቢባል ምን ያህል ኢንሱሊን እንዳለበት ማን ያውቃል? ስለዚህ በክብደት ፈንታ በሥራው ለኩት። 24 ሰዓት የጾመ 2 ኪሎ የሚመዝን ጥንቸል ተወስዶ ስኳሩን እስከ መንቀጥቀጥ ደረጃ የሚያወርደው መጠን መነሻ ሆነ፤ በኋላ በመንግሥታት ማኅበር በኩል የዚያ ሲሶ አንድ ዩኒት ተባለ። ዩኒት የተወለደው እንዲህ ነው፤ ጥንቸል ላይ የተለካ የሥራ ልክ።

ይህች ዩኒት በእንግሊዝኛ የምትጻፈው በአንድ ፊደል፣ በ"ዩ" ነው። ፊደሏም አፏ ክፍት የሆነ ዜሮ ትመስላለች። ሐኪሙ ቸኩሎ 10 ብሎ "ዩ"ን ካስጠጋባት፣ አፏም ከተዘጋ፣ 100 ትነበባለች። 10 ዩኒት ኢንሱሊን እራት ነው፤ 100 ዩኒት ለአንድ ለደከመ ሰው የሌሊት ሞት ሊሆን ይችላል። ይህ በተለያዩ ሆስፒታሎች እየተደጋገመ ሲደርስ የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ብቃት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 "አትጠቀሙ" የሚል ዝርዝር አወጣ። "ዩ" አይጻፍ፣ ዩኒት ተብሎ በሙሉ ይጻፍ። "በየቀኑ" የምትለው ኪው.ዲ "በቀን 4 ጊዜ" ከምትለው ኪው.አይ.ዲ ጋር ስለምትምታታ አትጻፍ። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጨመር፤ 5.0 ነጥቧ ካልታየች 50 ናትና። ከነጥብ በፊት ደግሞ ዜሮ አይቀር፤ ነጥብ 5 ብቻዋን ከተጻፈች 5 ትሆናለችና። ለዘመናት የሐኪም ሙያ ማዕረግ ተደርገው የተቆጠሩ ምልክቶች በአንድ ገጽ ተሻሩ። ምህጻረ ቃል ለጸሐፊው ሁለት ሰከንድ ያተርፋል፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ሎሴክ የተባለው የጨጓራ መድኃኒት ሽንት ከሚያሸናው ከላሲክስ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ በ1990 አሜሪካ ውስጥ ፕራይሎሴክ ተባለ። አድሬናሊን የሚለው ስም የአንድ ኩባንያ የንግድ ምልክት ስለሆነ አሜሪካኖች ኤፒኔፍሪን አሉት፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ፓራሲታሞልና አሴታሚኖፌንም እንዲሁ፤ ሁለቱም ስሞች ከአንድ ረጅም የኬሚስትሪ ስም የተቆረሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1950ዎቹ ለመድኃኒቶች ዓለም አቀፍ የጋራ ስም ማውጣት የጀመረው ይህን ግርግር ለማርገብ ነበር፤ አሜሪካ ግን በአንዳንዶቹ የራሷን ይዛ ቀረች። ጉዳዩ ሩቅ ይመስላል፤ ግን ከሜሪላንድ ታይሌኖል የተላከላት እናት ከሰፈሯ ፋርማሲ ፓራሲታሞል ገዝታ "ሌላ ዓይነት ነው" ብላ ብትደርበው፣ ጉበቷ ሁለቱንም በአንድ ስም ነው የሚያውቃቸው።

ይህ ሁሉ የቃላት ጭነት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ታሽጎ ነው። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመልሰዋል፤ በ1942 በወለጋ በወጣትነታቸው ሲያርፉ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ነርሶችን አሠለጠነ። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ለገጠር አወጣ። እነዚህ ሰዎች በእንግሊዝኛ የተማሩትን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ለታካሚው መንገር ነበረባቸው። የላቲኑን ምህጻር ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ታካሚው አፍ መፍቺያ ቋንቋ፤ ሁለት ጊዜ መተርጎም ማለት ነው። ይህ ሥራ በየትኛውም የፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ ተሰጥቶት አያውቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ቻርት ላይ 06፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ 12፡00 የተባለው ደግሞ ቀን 6 ሰዓት። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ በልቧ 6 እየቀነሰችና እየደመረች ታርመዋለች፤ ታካሚው መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ግን የሚያርምለት የለም። "የሻይ ማንኪያ" ስትለው 5 ሚሊ ሊትር ማለቷ ነው፤ እሱ ቤት ያለው የሻይ ማንኪያ ስንት እንደሚይዝ ግን ለክቶት አያውቅም። "ከምግብ በፊት" ስትለው ጾመኛ ከሆነና እስከ 9 ሰዓት እህል ካልቀመሰ የጠዋቱን መጠን ከሰዓት በኋላ ይወስደዋል፤ እሱ ትእዛዙን አላፈረሰም።

አንቲባዮቲክ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ እኩል ተራርቆ የሚሰጠው ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ሳይወርድ እንዲቆይ ነው። ተማሪዎች ሃፍ ላይፍ እያሉ የሚማሩት፣ ማለትም ሰውነት የመድኃኒቱን ግማሽ የሚያስወግድበት ጊዜ፣ ከራዲዮአክቲቭ ሳይንስ የተዋሰ ቃል ሲሆን የታዘዘው ልዩነት ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው እሱ ነው። ነርሷ ይህን ሁሉ በአንድ ሐረግ ጠቅልላ ለታካሚው "በየ8 ሰዓቱ ይውሰዱ" ትለዋለች። አንድ ሽማግሌ በዋርዱ ጫጫታ መካከል "የ"ዋን ሳይሰሟት ቀርተው "በ8 ሰዓት" ብለው ይይዙታል። በየቀኑም ከምሳ በኋላ፣ ልክ 8 ሰዓት ሲሆን፣ አንድ ክኒን በጥንቃቄ ይውጣሉ።